አልማዝዎ ምን ያህል ብርቅ ነው? ስንትስ ያወጣል?

«ይህ አልማዝ ስንት ያወጣል?» ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ መስጠት አይቻልም፤ ያው አንድ ድንጋይ በአንድ ቀን ውስጥ አራት የተለያየ ዋጋ ሊኖረው ይችላልና። መደብሩ የለጠፈበት ዋጋ አንዱ ነው፤ የመድን ድርጅት ቢጠፋ ለመተካት ይበቃል ብሎ የሚመዘግበው ሌላው ነው፤ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩ የሚስማሙበት ሦስተኛው ነው፤ ባለቤቱ ቀለበቱን ይዞ ልሽጥ ብሎ ሲወጣ የሚሰጠው ደግሞ አራተኛውና አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ነው። ከከፈሉት ገንዘብ ግማሹን እንኳ መልሰው ማግኘት ያቃታቸው ሰዎች «ተታለልን» ሲሉ እሰማለሁ፤ የብዙዎቹ ስህተት ግን የድንጋዩ ሳይሆን አንደኛውን ዋጋ ከአራተኛው ጋር ማምታታታቸው ነው። ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከዋጋ ሳይሆን ከብርቅነት ነው፤ የትኛው አልማዝ በእርግጥ ብርቅ፣ የትኛው ደግሞ ሞልቶ የተረፈ መሆኑን የለየ ሰው የሚጠራለትን ዋጋ ለመመዘን ብዙም አይቸገርም። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ብርቅነትን በቁጥር ይመዝኑ

ስለ አልማዝ ሁለት የሚጋጩ አባባሎች ይሰማሉ። አንዱ ወገን ከምድር ማዕድናት ሁሉ ብርቁ አልማዝ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ አልማዝ እንደ ጠጠር የሞላ ነው፣ ብርቅ ያስመሰሉት ነጋዴዎች ናቸው ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው የያዙት። በ2023 በመላው ዓለም ከማዕድን የወጣው ጥሬ አልማዝ 111 ሚሊዮን ካራት ገደማ ነበር። ቁጥሩ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አንድ ካራት 0.2 ግራም ብቻ ስለሆነ ጠቅላላው ክብደት ከ22 ቶን ብዙም አያልፍም፤ አንድ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና የሚሸከመው ማለት ነው። ወርቅ በአንጻሩ በየዓመቱ ከ3,000 ቶን በላይ ይመረታል። በክብደት ብቻ ካየነው እንግዲህ አልማዝ ከወርቅ እጅግ ያነሰ ነው።

ነገር ግን የወርቅ ግራም ከሌላ ግራም አይለይም፤ አቅልጠው ያዋህዱታል። አልማዝ አይዋሃድም። ሁለት የግማሽ ካራት ድንጋዮች ተደምረው አንድ የአንድ ካራት ድንጋይ አይሆኑም፤ ከጥሬው ምርት ውስጥም ከፍተኛው ክፍል ለጌጥ የማይበቃና መጋዝና መሰርሰሪያ ጫፍ ላይ የሚውል ነው። ለጌጥ ከሚበቃው ደግሞ የሚበዛው ደቃቅ ነው፤ አለበለዚያም ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቡናማ ያዘነበለ ነው። ስለሆነም «አልማዝ ብርቅ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ «ይህን ያህል ክብደት፣ ይህን ዓይነት ቀለምና ይህን ዓይነት ንጻት ያለው አልማዝ ብርቅ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን መልስ አለው።

አፈጣጠሩም ይህንኑ ያስረዳል። አብዛኛው አልማዝ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የተፈጠረና ዕድሜው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት የሚበልጥ ካርቦን ሲሆን፣ ወደ ላይ ያወጣው ኪምበርላይት የሚባለውን ዓለት የተፋው ጥንታዊ ፍንዳታ ነው። ከአንድ ቶን ዓለት አንድ ካራት የሚገኝበት ጉድጓድ ደህና ማዕድን ይባላል። ሆኖም በካራት ብዛት ብቻ መፍረድ ያሳስታል፤ በቦትስዋና የሚገኘው የካሮዌ ማዕድን ከአንድ ቶን ዓለት የሚያወጣው ከአንድ ካራት እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ በ2015 1,109 ካራት፣ በ2024 ደግሞ 2,488 ካራት የሚመዝኑ ጥሬ ድንጋዮች ስለተገኙበት ስሙ በዓለም ገነነ። ትልቅነት ራሱን የቻለ ብርቅነት ነው።

ነጋዴዎች ብርቅ አስመሰሉት የሚለው ወሬ ከየት መጣ ቢሉ፣ መነሻ አለው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የዓለም አልማዝ ይመጣ የነበረው ከሕንድ፣ በኋላም ከብራዚል ነበር፤ መጠኑም ጥቂት ነበር። በ1867 በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ታዋቂ ድንጋይ ከተገኘና የኪምበርሊ ጉድጓዶች ከተከፈቱ በኋላ ገበያው በድንጋይ ሊጥለቀለቅ ደረሰ። በ1888 የተመሠረተው ዴ ቢርስ የተባለ የአልማዝ ድርጅት ማዕድናቱን ጠቅልሎ በመያዝ፣ ቀጥሎም የሌሎችን ምርት እየገዛ በማከማቸት፣ ለአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የጥሬ አልማዝ አቅርቦቱን ከአራት እጅ ሦስቱን በላይ ተቆጣጠረ፤ ፍላጎት ሲቀዘቅዝ መጋዘኑን ይቆልፍ፣ ሲሞቅ ይከፍት ነበር። «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለው የ1947 ማስታወቂያም ለዚሁ ድርጅት የተጻፈ ነው። ዘላለማዊ የተባለን ነገር ደግሞ ማንም አይሸጥም፤ በእኔ ግምት የዚያ አባባል ትልቁ ጥቅም አሮጌ ድንጋዮች ወደ ገበያ ተመልሰው እንዳይመጡ ማድረጉ ነበር። ይህ ሁሉ ግን ታሪክ ነው። ከ2000 ወዲህ ዴ ቢርስ የገበያው ጠባቂነቱን ትቶታል፤ የሩሲያ፣ የካናዳና የሌሎች አምራቾች ድርሻም አድጓል። ዛሬ ዋጋው በአንድ ድርጅት እጅ ነው ብሎ የሚያስረዳዎት ሰው ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ወሬ እየነገረዎት ነው።

ድንጋዩ ምን እንደሆነ ሳያረጋግጡ ስለ ዋጋ አይነጋገሩ

በፊትዎ ያለው የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ከሦስት አንዱ ነው፦ ከምድር የወጣ አልማዝ፣ በቤተ ሙከራ የተሠራ አልማዝ፣ ወይም አልማዝ የሚመስል ሌላ ነገር። ሦስተኛውን መለየት ቀላሉ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አብዛኛዎቹ አይረቡም። መስተዋት መቧጨር ምንም አያረጋግጥም፤ ተራው ኳርትዝም መስተዋት ይቧጭራል። በመዶሻ መምታት ደግሞ የለየለት ጥፋት ነው። አልማዝ ከማዕድናት ሁሉ ጠንካራ ነው ሲባል አይቧጨርም ማለት እንጂ አይሰበርም ማለት አይደለም፤ በአራት አቅጣጫዎች በቀላሉ የሚሰነጠቅባቸው መስመሮች ስላሉት አንድ ምት ሊበትነው ይችላል። ትንፋሽ ተንፍሶበት ጉሙ ቶሎ መጥፋቱን ማየትም ሙቀትን በፍጥነት የሚያስተላልፍ ድንጋይ መሆኑን ብቻ ይጠቁማል፤ አልማዝ የሚመስለው ሞይሳናይት የተባለ ሰው ሠራሽ ድንጋይም እንዲሁ ያደርጋል።

የሚረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሚዛንና መለኪያ ነው። ድንጋዩ ከቀለበቱ ከወጣና ክብ ከሆነ ወርዱን ይለኩ፤ በደንብ የተቆረጠ የአንድ ካራት አልማዝ ወርዱ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያው ወርድ ያለው ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የተባለ አልማዝ መሰል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ሚዛን ላይ ሲወጣ 1.6 ካራት ገደማ ይመዝናል፤ ከአልማዝ በጣም የከበደ ነውና። ሁለተኛው አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ ነው። ማጉያውን ዓይንዎ አጠገብ አስጠግተው ድንጋዩን ወደ ማጉያው ያቅርቡ እንጂ ማጉያውን ወደ ድንጋዩ አይዘርጉ፤ ድንጋዩንም ጠመም አድርገው ከላይኛው ገጽ በጎን በኩል ወደ ታችኛው ክፍል ይመልከቱ። የታችኞቹ ጠርዞች እንደ ባቡር ሐዲድ ሁለት ሁለት ሆነው ከታዩ ሞይሳናይት ነው፤ ብርሃንን ለሁለት ይከፍላልና። የአልማዝ ጠርዝ ነጠላና ስል ነው። በየሱቁ ያለችው የሙቀት መመርመሪያ ብዕር ዚርኮኒያን ትይዛለች፤ ሞይሳናይትን ግን አልማዝ ብላ ልታሳልፍ ትችላለች፤ የኤሌክትሪክ ምርመራንም የምትጨምር መሣሪያ መኖሯን ይጠይቁ።

ከባዱ ሁለተኛውን ከአንደኛው መለየት ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች በታኅሣሥ 1954 አልማዝ መሥራት ከቻሉ ወዲህ ሙያው እየረቀቀ መጥቶ፣ ዛሬ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ወይም ካርቦንን ከጋዝ ውስጥ በስስ ንብርብር እያስቀመጡ በማሳደግ ለጌጥ የሚበቃ ድንጋይ በሳምንታት ውስጥ ይወጣል። ይህ ሐሰተኛ አልማዝ አይደለም፤ ያው ካርቦን፣ ያው ጥንካሬ፣ ያው ብልጭታ ነው። በዓይን፣ በእጅ ማጉያም ሆነ በሙቀት ብዕር አይለይም። ምርመራው የሚጀምረው ከናይትሮጅን ነው፦ ከምድር ከሚወጡ አልማዞች እጅግ የሚበዙት በውስጣቸው ናይትሮጅን ሲኖራቸው፣ የቤተ ሙከራዎቹ ነጭ ድንጋዮች አብዛኛዎቹ የላቸውም። መርማሪው መሣሪያ ናይትሮጅን የሌለበትን ለይቶ ያስቀምጥና የዕድገት ንድፉን በልዩ ብርሃን ያጠናል። የሚያስገርመው፣ በ1905 በደቡብ አፍሪካ የተገኘው የ3,106 ካራቱ ኩሊናን ራሱ ናይትሮጅን ከሌላቸው ጥቂት የተፈጥሮ አልማዞች ወገን ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

በዋጋ ረገድ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ብርቅነት የሚባለው ነገር በቤተ ሙከራው ድንጋይ ላይ አይሠራም፤ ፍላጎት በጨመረ ቁጥር ማሽን ይጨመራል። ዴ ቢርስ በ2018 የራሱን የቤተ ሙከራ ጌጦች በካራት 800 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ዋጋው ርካሽ ተብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ገበያው ይበልጥ ወርዶ ድርጅቱ በ2025 ያንን ንግድ እንደሚዘጋ አስታወቀ። እንደ ጌጥ ከሆነ የሚፈልጉት የቤተ ሙከራውን ከመግዛት የሚከለክልዎት ነገር የለም፤ እንደውም በተመሳሳይ ገንዘብ የሚበልጥ ድንጋይ ያገኛሉ። የገንዘብ ማቆያ አድርገው ግን አይግዙት።

ክብደትና አቆራረጥ፣ ቀለምና ንጻት

የተለመዱት መለኪያዎች አራት ናቸው፤ እኩል ትኩረት ግን አይገባቸውም። በክብደት ልጀምር፤ ሰው ብዙ ገንዘብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነውና። የአልማዝ ዋጋ በካራት ይባላል፤ የአንዱ ካራት ዋጋ ራሱ ግን ክብደቱ ሲጨምር አብሮ ያድጋል። ለስሌት ያህል ብቻ፣ የግማሽ ካራት ድንጋይ በካራት 2,000 ቢባል ጠቅላላ ዋጋው 1,000 ነው፤ በሌላው ሁሉ ያው የሆነ የአንድ ካራት ድንጋይ ግን በካራት 4,000 ሊባል ይችላልና ክብደቱ በእጥፍ፣ ዋጋው በአራት እጥፍ ያድጋል። ዋጋው የሚዘለውም ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ሰዎች በሚወዷቸው ክብ ቁጥሮች ላይ ነው፤ በ0.50፣ በ1.00፣ በ1.50፣ በ2.00። አንድ 0.97 ካራትና አንድ 1.01 ካራት የሚመዝኑ ሁለት ክብ አልማዞችን ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው የወርዳቸው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ዓይን አይይዘውም። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ግን በሁለት የተለያዩ ሰንጠረዦች ውስጥ ናቸው። ለራሱ ጌጥ የሚገዛ ሰው ከክቡ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ያለውን ቢመርጥ ይጠቀማል፤ ሲሸጥም ገበያው በዚያው ሚዛን እንደሚመዝንበት ይወቅ።

ክብደት በሆድ ውስጥም ይደበቃል። ጥሬው ድንጋይ ሲቆረጥ ብዙ ይባክናል፤ ኩሊናን ሲከፋፈል ከ3,106 ካራቱ የቀረው ከሲሶ እምብዛም አልዘለለም። ቆራጩ ብክነቱን ለመቀነስ ሲል የታችኛውን ክፍል ወፍራም አድርጎ ከተወው፣ ድንጋዩ አንድ ካራት እየመዘነ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የከፈሉበት ክብደት በማይታይበት ቦታ ተቀምጧል፣ ብርሃኑም ከታች አምልጦ መሐሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ ካራቱን ሲነግሩዎት ወርዱን ይጠይቁ። ከአራቱ መለኪያዎች የሰው እጅ ሥራ የሆነው አቆራረጡ ብቻ ነው፤ በእኔ ፍርድ ቅድሚያ የሚገባውም እሱ ነው። ኮሂኑር የተባለው ታዋቂ አልማዝ በ1852 እንደገና ሲቆረጥ ከ186 ካራት ወደ 105.6 ካራት የወረደው ብልጭታ ፍለጋ ነው፤ ያን ያህል ማጣት ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

የቀለም ደረጃው በእንግሊዝኛ ፊደላት ከዲ እስከ ዜድ ይሄዳል፤ ዲ ፍጹም ቀለም አልባ ነው፣ ወደ ዜድ ሲጠጉ ቢጫነት ወይም ቡናማነት ይጨምራል። የአንድ ፊደል ልዩነት ከጣት ላይ አይታይም፤ መርማሪዎችም የሚለዩት ድንጋዩን በአፉ ደፍተው፣ ነጭ ነገር ላይ ከናሙና ድንጋዮች ጋር አሰልፈው ነው። ከዜድ ካለፈ በኋላ ግን ሕጉ ይገለበጣል፤ ቀለሙ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ዋናው ሀብት ይሆናል። እውነተኛው ብርቅነት የሚገኘውም እዚህ ነው። ሰማያዊነት ከቦሮን ይመጣል፤ ሮዝነት የአልማዙ ውስጣዊ አደራደር ከምድር በታች በደረሰበት ግፊት በመጣመሙ ይፈጠራል። ከዓለም ሮዝ አልማዞች ከ90 በመቶ በላይ ያቀርብ የነበረው የአውስትራሊያው አርጋይል ማዕድን በኅዳር 2020 ተዘግቷል። ቀይ አልማዝማ ከሁሉ ይብሳል፤ እስካሁን ከታወቁት ትልቁ 5.11 ካራት ብቻ ነው። ቡናማ አልማዝ በአንጻሩ ሞልቷል። «ሻምፓኝ» ወይም «ኮኛክ» ተብሎ ሲሸጥ ካዩ፣ ስሙ ያማረው ድንጋዩ ስላልተወደደ መሆኑን አይርሱ።

ስለ ንጻት አጭር ቃል ይበቃል። ደረጃው የሚወሰነው በአሥር እጥፍ ማጉያ በሚታየው እንከን ነው፤ እርስዎ ግን ቀለበቱን የሚያዩት በባዶ ዓይን ነው። በባዶ ዓይን እንከን የማይታይበትን ከመካከለኞቹ ደረጃዎች መምረጥ አስተዋይነት ነው፤ እንከኑ ጠርዝ ላይ የደረሰ ስንጥቅ ከሆነ ግን ደረጃው ምንም ይሁን ይተውት።

ወረቀቱን ከድንጋዩ ጋር ያመሳክሩ

ከሻጩ ነጻ የሆነ ቤተ ሙከራ የሰጠው የምስክር ወረቀት የሌለውን ውድ አልማዝ አይግዙ። የፊደላቱን የቀለም ደረጃ ያወጣው በ1931 የተመሠረተው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ነው፤ ሌሎችም ተቀባይነት ያላቸው አሉ፤ ሁሉም ግን እኩል ጥብቅ አይደሉም፤ አንዱ ጋ ጂ የተባለ ቀለም ሌላው ጋ አይ ሊባል ይችላል። ወረቀቱን ሲይዙ መጀመሪያ ቁጥሩን ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ያው ቁጥር በድንጋዩ ወገብ፣ ማለትም በሰፊው የጎን ጠርዙ ላይ በሌዘር ተጽፏልና በማጉያ ፈልገው ያመሳክሩት። ቀጥሎ ክብደቱንና ልኬቱን ያስተያዩ። በመጨረሻም ስለ ሕክምና የሚናገረውን መስመር ይፈልጉ፦ እንከኑ በሌዘር የተቦረቦረ፣ ስንጥቁ በመስተዋት መሰል ነገር የተሞላ፣ ወይም ቀለሙ በሙቀትና በጨረር የተቀየረ ድንጋይ ካልታከመው አቻው ዋጋው እጅግ ያነሰ ነው።

መነሻውም በዋጋው ውስጥ ይገባል። በ2003 ሥራ የጀመረው የኪምበርሊ ሂደት ጥሬ አልማዝ ከዓማጽያን ጦርነት ጋር አለመያያዙን የሚያረጋግጥ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ዋስትና አይሰጥም። ከ2024 መባቻ ጀምሮ ደግሞ የቡድን ሰባት አገሮች በሩሲያ አልማዝ ላይ እገዳ ስለጣሉ፣ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰነድ የሌለው ድንጋይ የገዢው ብዛት ሊጠብበት ይችላል።

አራቱን ዋጋዎች ለየብቻ ያስገምቱ

ነጋዴዎች መነሻ የሚያደርጉት ከ1978 ጀምሮ የሚታተመውን የራፓፖርት ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር የጅምላ መጠየቂያ ዋጋ እንጂ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም፤ ግብይቱ የሚካሄደው ብዙውን ጊዜ «ከዝርዝሩ ይህን ያህል በመቶ ዝቅ» እየተባለ ነው። ሻጭ ዝርዝሩን አሳይቶ «ከገበያ በታች ነው የምሸጥልዎት» ካለዎት፣ ነጋዴዎቹም ከዚያ በታች እንደሚገዙ ያስታውሱ። ቀለማቸው ለየት ያሉት ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ የእነሱ ዋጋ በድርድርና በጨረታ ይወሰናል።

ጨረታም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከካሮዌ የወጣው የ1,109 ካራት ሌሴዲ ላ ሮና በ2016 ለንደን ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ ባለቤቶቹ ከቆረጡት ዝቅተኛ ዋጋ ሳይደርስ ቀረ፤ በቀጣዩ ዓመት በ53 ሚሊዮን ዶላር በድርድር ተሸጠ። 59.60 ካራት የሚመዝነው ፒንክ ስታር የተባለ ሮዝ አልማዝ በ2013 በ83 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ተብሎ ገዢው ሊከፍል ባለመቻሉ ሽያጩ ፈረሰ፤ በ2017 በ71.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ድንጋይ ሳይቀር የሚያወጣው የዚያን ዕለት የተገኘው ገዢ የከፈለውን ነው።

የራስዎን ለማወቅ ከፈለጉ፣ ለመድን የተሰጠዎትን ግምት ወደ ጎን ያድርጉት፤ እሱ አዲስ ለመግዛት የሚያስፈልገውን እንጂ የሚከፈልዎትን አይናገርም። ወርቁን ወይም ፕላቲኒየሙን ለብቻው በክብደት ያስገምቱ። ደቃቆቹ የጎን ድንጋዮች በመልሶ ሽያጭ ብዙ ጊዜ ከቁጥር እንደማይገቡ አስቀድመው ይወቁ። ከዚያም ዋናውን ድንጋይ ከነምስክር ወረቀቱ ይዘው ቢያንስ ወደ ሦስት ገዢዎች ይሂዱ፤ «ስንት ያወጣል?» ብለው ሳይሆን «ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ስንት ይሰጡኛል?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያውን የጠሩልዎትን ለሁለተኛው አይንገሩ። ሦስቱ ተቀራራቢ ከሰጡዎት ዋጋው ያው ነው፤ አንዱ ብቻ በጣም ከራቀ ምክንያቱን በማጉያው እያሳየ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት፤ ድንጋይዎን ግን ከዓይንዎ ሳያርቁ።